የዓይናዲስን አገር የጠበቅሁበት ክረምት

ይድረስ ጁባ ለምትኖረው፣ እህትም እናትም ሆና ላሳደገችኝ ለእታለም መንበረ አለነ፤

እንደምን ከርመሽልኛል እታለም? የጁባ ሙቀትስ እንዴት ያደርግሻል? ባለፈው በስልክ ስንገናኝ ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብለሽ አለፍሽው። እውነት ጉንፋን ብቻ ነበር? ካሣዬስ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ የሚይዘው ወገቡ ተሻለው? ልጃችሁ አቢ አማርኛውን ከዐረብኛው ጋር ማደባለቁን ተወ ወይስ ጭራሽ ባሰበት? ሁላችሁንም በያላችሁበት እመ ብርሃን በጥላዋ ታኑርልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። አባዬም መካነ ብርሃን ሸጋ ናቸው። ብርዱ ጉልበታቸውን ቢፈትነውም ገብሱን በጊዜ ሰብስበዋል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። ጥጃዋን በአንቺ ስም እንደሚጠሯት ሰምቼ ስስቅ፣ «ምን ያስቅሃል፣ ስሟን የምጠራበት ሰበብ አጥቼ ነው» አሉኝ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው። መስመሩን ታውቂዋለሽ፤ ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ነው የሚቆረጠው። የካሣዬ ጓደኛ ወደ ጁባ እንደሚመለስ ስሰማ፣ ቁጭ ብዬ ከሥሩ ልጻፍላት አልኩ። ነገሩ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ፈገግ ስትይ ይታየኛል። ፈገግ በይ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ የሚጀምረው ከኮምፒውተር ጨዋታ ነውና። አንቺ ደግሞ ጨዋታ የሚባል ስትሰሚ «ዓይንህን ታጠፋዋለህ» ማለት ትወጃለሽ።

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ፣ ከካፌዎቹ በላይ ካለው ደርብ፣ ስማቸው የሚባል ጓደኛዬ ኮምፒውተር ቤት አለው። በሥራ ቀን ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ማመልከቻ ይጽፋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን በሩን ገርበብ ያደርግና አራት ሆነን እንጫወታለን፤ እኔ፣ ስማቸው፣ ባንክ የሚሠራው ወልደ ዮሐንስና ዓይናዲስ። ዓይናዲስ የትክል ድንጋይ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች።

ጨዋታው የመተኳኮስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዳችን አንድ አንድ አገር አለን። ከተማ እንቆረቁራለን፣ መንገድ እንጠርጋለን፣ ሕዝባችንን እንመግባለን። ግን ሁሉ የተሟላለት አገር የለም። የእኔ ምድር እህል እንደ ጉድ ያበቅላል፤ ጨው የሚባል ግን የለውም። ጨዉ ያለው በዓይናዲስ አገር ነው። ስማቸው ብረት አለው፣ ወልደ ዮሐንስ ፈረስ። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴ መላላክ ግድ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገበያዩ ስክሪኑ ላይ ሁለት ወገን ያለው ሰሌዳ ይከፈታል። በአንዱ ወገን የምትሰጪውን፣ በሌላው የምትፈልጊውን ታስቀምጫለሽ፤ ያኛው ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ከገበያው ሌላ ውል አለ፤ የሰላም ውል፣ ድንበር የመክፈት ውል፣ አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ የሚቆምበት ቃል ኪዳን። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ትንንሽ አገሮችም በመካከላችን አሉ። እነሱ ውል ያፈረሰን ሰው አይረሱም፤ ሌላ ጊዜ ለገበያ ሲሄድ ፊታቸውን ያዞሩበታል።

ዓይናዲስ ስትደራደር ብታያት ትወጃት ነበር። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ግን አንድ ጆንያ ጨው በዋዛ አትለቅም። አንድ ጊዜ የእኔን አገር አንበጣ መታው፤ ጎተራው ሁሉ ባዶ ሆነ። ስማቸውና ወልደ ዮሐንስ እህል ሊሸጡልኝ ፈለጉ፤ ግን በአንድ ጎተራ አንድ ከተማ እያሉ። ሕዝቤ ሊያምፅ ጥቂት ሲቀረው ዓይናዲስ ሰሌዳውን ከፈተች። በሷ ወገን እህል ቆለለች፣ በእኔ ወገን ምንም አልጻፈችም። ኮምፒውተሩ እንኳ «በምትኩ ምንም አልጠየቁም፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ» የሚለውን ተጫነች። ወልደ ዮሐንስ ተንጨርጭሮ፣ «ምነው ዓይናዲስ? አሁን ብትጨምቂው ግማሽ አገሩን ይሰጥሽ ነበር» አላት። እሷም፣ «ከተራበ ሰው ጋር ዋጋ አልነጋገርም። ይጥገብና እንከራከራለን» አለች። እንዳለችውም፣ ሳገግም በጨው ዋጋ እንደ ሎሚ ጨመቀችኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጁን ትቼ በእግሬ ነበር የሄድኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ ላይ ክረምቱ ሲበረታ ዓይናዲስ እሑድ ሳትመጣ ቀረች። ለካ እናቷ እማማ ፅዮን ከጎተራ እህል ሊያወርዱ መሰላል ላይ ወጥተው ወድቀው ኖሯል። ጭናቸው ተሰብሮ ወጌሻ አስሮላቸዋል፤ እሷም ፈቃድ ጠይቃ ልታስታምም ትክል ድንጋይ ገብታለች። ይህንን የነገረችኝ አብራት የምትሠራ ልጅ ናት። ስልክ ብደውል አይሠራም። በሰው መልእክት ብልክ፣ ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም።

ጨዋታችን ደግሞ ደንብ አለው። ሰው ደጋግሞ ከቀረ አገሩን ኮምፒውተሩ ይረከበዋል። ይሄ ኮምፒውተር ለጦርነት ጎበዝ ቢሆንም በገበያ የዋህ ነው። በቁጥር ትርፍ የመሰለውን ሁሉ ይቀበላል። ወልደ ዮሐንስ ይህን ያውቃል። ወዲያው ሰሌዳ ከፍቶ ለዓይናዲስ አገር የማትፈልጋቸውን ፈረሶች አቀረበና በምትኩ ከጨው ጉድጓዶቿ አንዱን ጠየቀ። ኮምፒውተሩ እሺ አለ። እሷ በስንት እሑድ የቆፈረችው ጉድጓድ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ሄደ። ስማቸውም ሳቀና፣ «እኔም ብረቴን ይዤ ልምጣ እንዴ? ባለቤት የሌለው ቤት» አለ።

እታለም፣ ጨዋታ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን የሷ ወንበር ባዶ ነው፤ እሷ እናቷ ሥር ቁጭ ብላ ሌሊት ትቆጥራለች፤ እነዚህ ደግሞ እየሳቁ ይከፋፈሏታል። «ተዉ፣ ትመለሳለች» አልኳቸው። ወልደ ዮሐንስ ክፉ ሰው አይደለም፤ «ደንቡ ይፈቅዳል። ካልፈለግህ ቀድመህ ግዛው» አለኝ። እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። የቀሩትን ጉድጓዶች ጨው በሙሉ፣ ማንም ሊያቀርብ በማይችለው እህል፣ በረጅም ውል ገዛሁት። ጨዉ ለእኔ አይደለም፤ እዚያው ጎተራዋ ውስጥ ተቀመጠ። ቃል ኪዳን ስለነበረን ድንበሯ ላይ ወታደር አቆምኩ። ጦር የቃጡትን ትንንሽ አገሮች ስጦታ እየላክሁ አስታረቅሁላት። ያንን የሄደ ጉድጓድ እንኳ ከወልደ ዮሐንስ መልሼ ገዝቼ በስጦታ ለአገሯ አስመለስኩ፤ በምትኩ ወንዝ ዳር ያለችውን ምርጥ ከተማዬን ወሰደ።

እንዲህ ሲሆን የእኔ አገር መሳሳት ጀመረ። እህሉ ሁሉ ወደሷ ስለሚፈስ ከተሞቼ ተራቡ፤ አንዱ ዐመፀ፣ ሌላውም ተከተለ። ስማቸው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያየኝና፣ «አንተ ሰው፣ ባለቤቷ ባትመጣስ? ላትመለስ ትችላለች እኮ። አባቷ ልጃቸው ሥራዋን ትታ እዚያው እንድትቀር እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ» አለኝ። ይሄ ግን የጨዋታ ወሬ አልነበረም። «ብትቀርም የሷ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስማቸው ብረቱን ይዞ አልመጣም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። በሩ ተከፍቶ አልጋ እየገፉ ሲገቡ ቀና ብል ዓይናዲስ ናት። ከስታለች፤ ጫማዋ ላይ የትክል ድንጋይ ጭቃ ደርቋል። የእናቷ አጥንት ጠምሞ ገጥሞ፣ መንገዱ ትንሽ ሲሻል ነው ያመጣቻቸው። እኔን ስታይ አልጋውን አጥብቃ ያዘች። እማማ ፅዮንን እያባበልኩ እግራቸውን አስተካከልኩና፣ ራጁ ሲነሣ ከግድግዳው ኋላ አብራኝ ቆመች። «ድነው ይሄዳሉ?» አለችኝ። የራጅ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይመልስ ታውቂያለሽ፤ ሐኪም አለ። ግን ዓይኗን አይቼ፣ «አይዞሽ፣ አጥንቱ ጠማማ ነው እንጂ ጤነኛ ነው» አልኳት። በሹራቧ እጅጌ ፊቷን ጠረገች።

እማማ ፅዮን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ብረት ገባላቸው። እኔ ከሥራ ስወጣ ምግብ እያመላለስኩ፣ አንዳንዴም እሷ እንድትተኛ እየተካሁ ሰነበትሁ። ስለ ጨዋታው ትንፍሽ አላልኩም። እማማ ፅዮን ሲያገግሙ አክስቷ ተራ ያዙላትና፣ እሑድ ዕለት «እስቲ ፒያሳን ልየው» ብላ መጣች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ «ከአገሬ ምን የተረፈ አለ? ለቅሶዬን ልድረስ እንጂ» አለችና ከፈተችው።

ከተሞቿን አንድ በአንድ አየች። ገበያው ይሠራል። ጎተራው ሙሉ ነው። ጉድጓዶቹ በቦታቸው ናቸው። ወልደ ዮሐንስ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከዚያ ወደ እኔ ድንበር አሻገረችና ቆመች። «ያንተ ከተሞች የት ሄዱ?» አለች። ስማቸው ቀደመኝ፤ «ያንቺን ሲጠብቅ አለቁ» አላት።

ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ጥቂት ቆይቼ ተከተልኳት። ከታች ባጃጆቹ ይጯጯሃሉ፤ እሷ የበረንዳውን ብረት ይዛ ታለቅሳለች። «እናቴ ሌሊት ስታቃስት» አለችኝ፣ «ጎንደር የተውኩት ሁሉ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬን ሌላ ሰው ይዞታል፣ ቤቴን አከራይዋ ለሌላ ሰጥታዋለች፣ እናንተም ረስታችሁኛል እል ነበር። ሰው ከዓይን ሲርቅ ከልብም ይርቃል ይባል የለ? እኔ በሌለሁበት ለእኔ የሚቆም ሰው አለ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።» እኔም እታለም፣ ያን ሁሉ ክረምት ለራሴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳት። እንዴት እንዳልኩት አልጽፍልሽም፤ አፍራለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «አባቴ ዘንድ ሰው ላክ» አለች።

አባዬ ነገሩን ሲሰሙ ካባቸውን ለብሰው፣ ከመካነ ብርሃን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወረዱ። አባቷ አያ ዋኘው ይባላሉ፤ ቀጥ ያሉ፣ ለቃላቸው የሚሞቱ ገበሬ ናቸው። በመጀመሪያው ጉዞ እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ብለው መለሷቸው። በሁለተኛው ግን እውነቱን ተናገሩ። «አላታልላችሁም። ልጄን ለጎረቤቴ ለአያ ምንዳዬ ልጅ እሰጣለሁ ብዬ ቃል ካወጣሁ ቆየሁ። ሰው ቃሉን ከበላ ምን ይቀረዋል?» አሉ። የኛዎቹ ሊከራከሩ ሲሉ አባዬ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉ። «ቃልዎን ያፍርሱ ብለን አልመጣንም። ቃሉን የሚያፈርስ አማችም አንፈልግም» ብለው ተሰናብተው ወጡ። ጎንደር ደርሰው ሲነግሩኝ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። «ምነው አባዬ፣ ትንሽ ቢለምኑ ምን ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ትክክል የሆነን ሰው ምን ብዬ ልለምነው?» አሉኝ። ያን ሰሞን ሥራ ገብቼ እወጣለሁ እንጂ ሰው አልነበርኩም።

እናቷን ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው መልሳ ኖሮ፣ ትክል ድንጋይ ውስጥ የሆነውን ዓይናዲስ በኋላ ነገረችኝ። አባቷ አስቀምጠው፣ «ለመሆኑ ይህ ሰው ምን አድርጎልሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?» ብለው ጠየቋት። «በሌለሁበት ንብረቴን ጠበቀልኝ» አለቻቸው። «ምን ንብረት አለሽ አንቺ?» ቢሏት፣ «አገር ነበረኝ። ጨው ያለበት አገር» አለች። አያ ዋኘው ልጃቸው በእናቷ ሕመም የነካት መስሏቸው ደንግጠው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እማማ ፅዮን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ከወደቁ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ሲነሡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። «ልጅቱ ጤነኛ ናት» አሉ። «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ስንት ሰው አለፈኝ መሰለህ። ያ ልጅ ስሜን ጠርቶ ነበር የሚገባው። ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፣ እሷ አልሰጠችም። ቃልህን አትብላ፤ ሄደህ ለባለቤቱ መልስ።»

አያ ዋኘው በነጋታው ጋቢያቸውን ጣል አድርገው አያ ምንዳዬ ደጅ ሄዱ። እንዴት እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸው አውድማው ላይ ቆመው ቀሩ አሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው መለመን ከመሞት አይተናነስም። በመጨረሻ፣ «ቃሌን መልስልኝ ብዬ ልለምንህ መጣሁ። እምቢ ካልክ ልጄን አመጣልሃለሁ፤ ግን እያለቀሰች ነው የምትመጣው» አሏቸው። አያ ምንዳዬም፣ «ልቧ ሌላ ቤት ያደረ ሚስት ለልጄ ምን ትሆነዋለች? ሳትዋሸኝ መጥተህ ነገርከኝ፤ ቃልህን መልሼልሃለሁ» አሉ። ደግሞም ጨመሩ፤ «ብቻ አንድ ነገር፤ እነዚያ ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ እኔም አብሬ ልቀመጥ። ተጣልተን እንዳይመስል።»

እንዲህ ነው እታለም፣ በሦስተኛው ጊዜ አባዬ ትክል ድንጋይ ሲደርሱ ወንበር ያቀረቡላቸው አያ ምንዳዬ ራሳቸው ናቸው። አያ ዋኘው እሺ አሉ። አባዬ ይህን ሲነግሩኝ ጥርሳቸው አይገጥምም ነበር።

ከምርቃቱ በኋላ ቀን ይቆረጥ ተባለ። ጾሙ ስለገባ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይያዝ እንዲሆን ሁሉም ተስማማ። ይሄኔ እማማ ፅዮን ከጓዳ በር ላይ ሆነው፣ «ለመሆኑ የልጁ እናት ማን ናት? ለምን አልመጣችም?» ብለው ጠየቁ። አባዬ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እናቱ ካረፈች ቆየች። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ በሰው አገር ናት» አሏቸው። እማማ ፅዮንም፣ «እንግዲያ እሷ ሳትናገር ቀን አይቆረጥም። እናት ሳትሰማ የተቆረጠ ቀን አይባረክም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሽማግሌ ሁሉ እሺ ብሎ ተነሣ።

ስለዚህ እታለም፣ ሁለት ቤተሰብ የአንቺን አፍ ይጠብቃል። ካሣዬ ፈቃድ የሚያገኝበትን፣ አንቺም የሚመችሽን ቀን አስቢና ላኪብኝ፤ በዚያ ቀን ይሆናል። መምጣት ካልሆነልሽም ቀኑ ያንቺ ነው፤ ግን እባክሽ ይሁንልሽ። ትንሽ ሳለሁ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲሉኝ አንቺ የእናታችንን ነጠላ ለብሰሽ፣ ትልቅ ለመምሰል ፊትሽን ቋጥረሽ ትመጪ ነበር። አሁን ፊት መቋጠር አያስፈልግሽም፤ ነይልኝ ብቻ።

ለካሣዬ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወገቡን ይጠብቅ፣ ሚዜዎቼን የሚመራልኝ እሱ ነው። አቢን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጥጃዋን ሊያያት ሲመጣ ስሟን ሰምቶ እንዳይስቅ ንገሪው። አባዬ «ዓይኔ ሳይደክም ልያት» ብለውሻል። እማማ ፅዮን ሳያውቁሽ ሰላም ይሉሻል፤ አያ ዋኘውም እንዲሁ። ዓይናዲስ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እጅ ነስታሻለች። ስትመጪ ምን ብላ እንደምትጠራሽ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «አንተ እንደምትጠራት» አለችኝ።

ወንድምሽ አንዱዓለም አለነ
ጎንደር፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.